የሲቨርት ጡጦዎች

ኦድኒ ንጹሕ ሴት ናት። ንጽሕናዋን የማይወድላት ሰው እንኳ ይህን ይመሰክርላታል። ወለሏን ረግጦ የገባ እንግዳ እግሩን የት እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል፤ ስኒውን ጨርሶ ሳያስቀምጥ ከእጁ ወስዳ ታጥበዋለች። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንድ ቀን እኔንም ቆሻሻ መስያት አውጥታ ትጥለኛለች» እያለ ሰው ያስቅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እሷ ሳትጥለው ራሱ ቀድሟት ሄደ።

ከእሱ በኋላ እርሻውን ልጃቸው ሃልቫርድ ተረከበ። ኦድኒም እንደ አገሩ ወግ ትልቁን ቤት ለቃ፣ ግቢው ዳር ለአሮጊትና ለሽማግሌ ተብላ ወደተሠራችው ትንሽ ቤት ገባች። በምዕራብ ኖርዌይ ተራሮች ሥር እርሻው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ወጣቱ ትልቁን ቤት ይይዛል፣ አሮጌው ትንሿን፣ መስኮትና መስኮት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲተያይ ይውላል። አማትና ምራት በአንድ ግቢ፣ በዚያ ላይ በመስኮት! ጠላቴን አይግጠመው ያሰኛል። የኦድኒና የሱኒቫ ግን መጀመሪያ ላይ እንዲያ አልነበረም።

ሱኒቫ የስታቫንገር ከተማ ልጅ ናት። የመጣች ሰሞን አንድ ወፍራም አውራ በግ አይታ «ይቺ መቼ ነው የምትወልደው?» ብላ ስትጠይቅ ኦድኒ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። ሱኒቫ አልተቀየመችም፤ ነገሩ ሲገባት ከእሷ ብሳ ሳቀች። በዚያው ተዋደዱ። ጠዋት ጠዋት በቤት ጫማዋ ግቢውን አቋርጣ ትመጣና ከኦድኒ ጠረጴዛ ላይ ዳቦ በቡናማ አይብ ትበላለች፤ ሁለቱም የሃልቫርድን ዝምታ እያነሱ ያሙታል። ሲቨርት ሲወለድማ «ኦድኒ» ማለቱን ትታ በልጇ አፍ «አያት» ትላት ጀመር። «አያት፣ እቀፊኝ ይልሻል» ትልና ሕፃኑን እቅፏ ውስጥ ጣል ታደርግላታለች።

ሲቨርት በአምስት ወሩ ሞተ። ጠዋት ጡጦውን ጠጣ፣ አገሳ፣ ተኛ፤ በዚያው አልነቃም። ሐኪሞቹ መርምረው መርምረው «እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ያጋጥማል» አሉ። ያጋጥማል! ይህም ቃል ተብሎ ለእናት ይነገራል።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሱኒቫ የኦድኒን ደጃፍ አልረገጠችም። ተጣልተው አይደለም። ግቢ ውስጥ ሲገናኙ «ደህና አደርሽ ኦድኒ» ትላለች፤ ስሟ ተመልሶ መጥቷል። ትኩስ ዓሣ ሲገኝ በሃልቫርድ እጅ ትልክላታለች፣ በገና ስጦታ ትሰጣታለች፣ ፊቷን አታጠቁርባትም። የቤት ጫማዋ ግን ግቢውን አያቋርጥም። ኦድኒ ምን እንዳደረገች አታውቅም። «ምን በድያት ነው? ንገረኝ እንጂ!» ብላ ልጇን ስትይዘው «ሐዘን ነው እማዬ፣ ተያት» ይላታል። ሃልቫርድ ቃል ከአፉ በጉጠት ካልተሳበ የማይወጣለት ሰው ነው። አባቱም እንዲያው ነበር። ኦድኒ በዚህ ምድር ላይ የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያቺ ልጅ ተመልሳ ከጠረጴዛዋ ዳር እንድትቀመጥላት።

አሁን ሱኒቫ እንደገና አርግዛለች። ለሣር ማጨጃው ወራት ትወልዳለች ተብሏል። ሰፈሩ ደስ ቢለውም ደስታውን ጮክ ብሎ አያወራውም፤ የፈራ ሰው እንዴት ጮክ ይላል? ከእርግዝናው ጋር ደግሞ የጡጦዎቹ ነገር ተነሣ። የሲቨርት ጡጦዎች በትልቁ ቤት ወጥ ቤት፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በካርቶን ተቀምጠዋል። መኖራቸውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይነካቸውም። የሱኒቫ ወተት ቶሎ ስለ ነጠፈ ልጁ ያደገው፣ አደገ ከተባለ፣ በእነሱ ነው።

አንድ እሑድ፣ በጎቹ መውለድ ሊጀምሩ ሲሉ፣ ሃልቫርድ እናቱን ምሳ ጠራት። የጨው በግ ሥጋውን በድንች በልተው ሲያበቁ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ከየት እንደ ደፈረ እንጃ፣ ብድግ ብሎ ካርቶኑን አወረደና ጠረጴዛው መካከል አኖረው።

«እንግዲህ አንድ ነገር እናድርጋቸው» አለ። «ሕፃኑ ሳይመጣ።»

ሱኒቫ እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። አልከፈተችውም።

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ ምን አለች?» አለች ኦድኒ።

«ይጣሉ አለች» አለ ሃልቫርድ። «ፕላስቲኩ ሲያረጅና ሲጫጫር ጀርም ይደበቅበታል፤ ደጋግሞ ሲፈላ ደግሞ ከራሱ ከፕላስቲኩ ወደ ወተቱ የሚገባ ነገር አለ አለች። ጎማውም ይሰነጣጠቃል። እኔ ግን ጎማውን ለውጠን፣ ቀቅለን ብንጠቀምባቸውስ ብዬ...»

«የሲቨርትን ለሚመጣው?» አለች ሱኒቫ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «አልችልም ሃልቫርድ። አፉ ላይ ባደረግሁት ቁጥር የማስበውን ታውቃለህ?»

«እሺ፣ እንጣላቸዋ።»

«እሱንም አልችልም።»

ወይ መከራ! መጠቀም አልተቻለ፣ መጣል አልተቻለ። በዚህ መሐል ኦድኒ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ግን የእሷ አፍ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል! ደግሞ እኮ ልትረዳ ፈልጋ ነው፣ ከልቧ።

«እኔ ልንገራችሁ» አለች። «ለግልገሎቹ ስጡኝ። ዘንድሮ ሦስት ሦስት ያረገዘችው በግ ለጉድ ነው፤ ጡቷ ሁለት፣ ልጇ ሦስት፣ ሦስተኛው እኔው እጅ ላይ ነው የሚወድቀው። የግልገል ጡጦ ጎማው ትልቅ ነው፣ ደካማው አይችለውም፤ ለእሱ የሚሆነው የሕፃን ጡጦ ነው። ሃልቫርድ የጠባባቸውም ኋላ ጉረኖ ገብተው ስንቱን ነፍስ አሳድገዋል። ከዚህ እርሻ ምንም ነገር አይጣልም፣ ምንም! አየሽ ልጄ፣ አሮጌ ፕላስቲክ ታቅፎ መቀመጥ ልጁን አይመልሰውም።»

ምናለ የመጨረሻዋን ብትተዋት! ሱኒቫ ካርቶኑን ከጠረጴዛው አነሣች፤ ሆዷ ላይ ደገፍ አድርጋው ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ቢወረወር ይሻል ነበር።

«እማዬ» አለ ሃልቫርድ።

«አውቃለሁ! አውቃለሁ! ይቺን ምላሴን በቆረጡልኝ!» አለችና ተነሥታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።

ያን ሳምንት ኦድኒ ሰላም አልነበራትም። ይቅርታ ልትጠይቅ አስባ ሁለት ጊዜ እስከ ትልቁ ቤት ደረጃ ሄዳ ተመልሳለች። በስልክ ለጎረቤቷ ለጉንቮር ነገረቻት። ለጉንቮር ነገር መንገር ማለት ለሬዲዮ መንገር መሆኑን እያወቀች ነገረቻት፤ ሆድ ሲብስ ምን ይደረጋል።

«ታዲያ አንቺ ምን አገባሽ?» አለቻት ጉንቮር። «እኔ የልጆቼን ጡጦ ቂጡን ቆርጬ የጎመን ችግኝ እሸፍንበታለሁ። ባሌ ደግሞ ምስማር ያስቀምጥባቸዋል። ግን ማንም አልሞተብንማ! የሞተበት ሰው የፈለገውን ያድርግ። ትቅበራቸው፣ ትሳማቸው፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«አያቱ ነኝ» አለች ኦድኒ፤ ስልኩን ዘጋችና አለቀሰች።

ብዙም ሳይቆይ በጎቹ መውለድ ጀመሩ። በዚያ ወቅት በእርሻ ላይ ለመኮራረፍ ጊዜ ያለው ሰው የለም። ሃልቫርድ ቆሞ ይተኛል፤ የለበሰው ቱታ በእንግዴ ልጅና በደም ደርቆ ለብቻው ይቆማል። ኦድኒ ጉረኖው ጥግ ባለችው ማጠቢያ ክፍል የዱቄት ወተት ታሟሟለች፣ እንገር ታሞቃለች፣ እናታቸው የገፋቻቸውን ግልገሎች በፎጣ ታሻለች። ሱኒቫ ግን ከጉረኖው ታግዳለች። ከሚወልድ በግ የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ፅንስ ያስወርዳል። ስለዚህ ከጉረኖ የወጣ ሰው ልብሱን ሳይለውጥና እስከ ክርኑ ሳይታጠብ አጠገቧ አይደርስም። ሃልቫርድ እንኳ በመስኮት ነው የሚያናግራት። እሷም ቤት ሆና ትጋግራለች፣ ስልክ ትመልሳለች፣ የጎደለውን በመኪና ሄዳ ታመጣለች።

አንድ ጠዋት ሦስት ከወለደች በግ ሥር አንዲት ፍሬ የምታህል ግልገል ተገኘች። እናቷ ሁለቱን ልሳ ይቺን በእግሯ ገፋቻት። ኦድኒ አቅፋ ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ወሰደቻት፣ አሸቻት፣ የግልገሉን ጡጦ አፏ ላይ አደረገችላት። ጎማው አፏን ሞልቶ አነቃት፤ ወተቱ በአገጯ ፈሰሰ። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም እንቢ። «አንቺ ደግሞ፣ እኔ ላይ ልትሞቺ ነው?» አለቻት ኦድኒ፤ ተቆጥታ ሳይሆን ፈርታ ነው። ንጹሕ ፎጣ ልታመጣ ወጣች።

ከትልቁ ቤት በር ወጣ ሲሉ በስተግራ አንድ አሮጌ አግዳሚ ወንበር አለ። በዚህ እርሻ ላይ ያ አግዳሚ ሕግ ነው። የቤቱ ሰው የጨረሰውን፣ ለጉረኖ ግን የሚሆነውን ነገር እዚያ ያኖራል፤ ያረጀ ፎጣ፣ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ፣ እጀታው የወለቀ ድስት፣ የደረቀ ዳቦ። ወደ ጉረኖ የሚሄድ አንሥቶት ይሄዳል። «ልውሰደው?» ተብሎ አይጠየቅም፣ «ውሰዱት» ተብሎም አይነገርም። በኦድኒ አማት ጊዜም እንዲሁ ነበር፣ ከእሳቸውም በፊት። አንድ ጊዜ ኦድኒ ራሷ በሙሽርነቷ የተሰጣትን የጠረጴዛ ልብስ እዚያ ጣል አድርጋ ረስታው፣ በማግሥቱ ግልገል ተኝቶበት አገኘችው። ትንፍሽ አላለችም፤ ሕግ ነዋ።

እንግዲህ ያን ጠዋት አግዳሚው ላይ ያ ካርቶን ተቀምጧል።

ኦድኒ ባለችበት ቀጥ አለች። ታውቀዋለች። ክዳኑን ገለጥ አደረገች፤ ጡጦዎቹ ናቸው። ግቢውን ዞር ብላ አየች፤ መኪናው የለም፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ልቧ ዘለለ።

«ሰማችኝ!» አለች ድምፅ አውጥታ። «ሰማችኝ፣ ልጄ!»

ሌላ ምን ትርጉም ይኖረዋል? በአፏ ልትለው ያልቻለችውን በአግዳሚው ነገረቻት፤ ውሰጂ፣ እንዳልሽው ይሁን ማለቷ አይደለም እንዴ? አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል የጠበቀች ሴት ይኸው ቃሏን አገኘች። ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ስትሄድ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ እሷ ትስቃለች። ዛሬውኑ ዋፍል እጋግራለሁ፣ ልብሴን ለውጬ ታጥቤ እጠራታለሁ፣ ያቺ ግልገል በሲቨርት ጡጦ ስትጠባ በደጅ ቆማ ታያለች አለች። ሰው ሲደሰት ይቸኩላል፤ ሲቸኩል አይጠይቅም።

ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ጡጦዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። አቧራ ከመጠጣታቸው በቀር ንጹሐን ነበሩ። ፕላስቲኩ ጭጋግ የለበሰ መስሏል፣ የመለኪያው ቁጥር ደብዝዟል። በሙቅ ውኃና በሳሙና በብሩሽ ፈተገቻቸው፤ መደርደሪያው ላይ አፋቸውን ደፍታ ደረደረቻቸው። ከካርቶኑ ሥር አንዲት ቀረች። ይቺ ክዳኗ ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። ወደ ብርሃን አነሣቻት፤ ግርጌዋ ላይ ወተት ደርቆ ቢጫ ቅርፊት ሠርቷል።

ኦድኒ ወዲያው ገባት። የወተት ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ጠዋት የጠጣባት ናት። በዚያ ግርግር፣ አምቡላንሱ ሲመጣ፣ ጩኸቱ ሲቀልጥ፣ አንዱ አንሥቶ ከሌሎቹ ጋር ጥሏት ይሆናል። ማን ያጥባታል በዚያ ሰዓት! ሱኒቫ ብታውቅማ አግዳሚው ላይ ታኖራት ነበር? አላየቻትም፤ አላየቻትም። አንድ ቀን ከፈት አድርጋ ብታገኛትስ፣ ያውም በዚህ ሆዷ? «እንኳን እኔ እጅ ገባሽ» አለች ኦድኒ ጡጦዋን። ክዳኗን ፈታች። ሙቅ ውኃ ሞላችባት፣ ሳሙና ጨመረች፣ ፈተገች። ቅርፊቱ አልለቅም አለ። በሶዳ ዘፈዘፈችው፣ ደግማ ፈተገችው። «አይ ሲቨርት፣ የእኔ ጌታ፣ የእኔ ትንሽ ጌታ» እያለች አለቀሰች። ልጁን እንደገና የገነዘችው ያህል ነው የተሰማት። ጡጦዋ ብርጭቆ መስላ ጠራች።

ከዚያ መርፌ በእሳት አግላ የጎማዎቹን ቀዳዳ ሰፋ ሰፋ አደረገች፤ ግልገል በሕፃን ቀዳዳ ቢጠባ ይደክመዋልና። ከመደርደሪያው አንዱን ጡጦ አንሥታ ወተት ሞላችና ያቺ ፍሬ የምታህለው ግልገል አፍ ላይ አደረገችው። ግልገሏ አንድ ጊዜ ቀመሰች፣ ቆም አለች፣ ከዚያ ጭራዋን እያርገበገበች ጎተተችው። አቤት ስትጠባ! ኦድኒ እንደዚያ ተደስታ የምታውቀው መቼ እንደ ሆነ እንጃላት።

የመኪና ድምፅ ሰማች። የመኪናው በር ተዘጋ፣ እግር ኮቴ አለ፣ ኮቴው አግዳሚው ጋ ቆመ። ከዚያ ሮጠ። እርጉዝ ሴት ስትሮጥ ድምፁ ይታወቃል።

«ኦድኒ!» ሱኒቫ ማጠቢያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ደረሰች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ካርቶኑን አንሥተሻል? አግዳሚው ላይ የነበረውን?»

«ማንሣት ብቻ! ነይ እይ... ቆይ፣ ቆይ አትግቢ! እዚያው ቁሚና እይ። ይቺን ምስኪን ተመልከቻት፣ ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም ብላ ነፍሴን ያወጣችው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ እኔ እኮ ያን እሑድ የተናገርኩት...»

ሱኒቫ ግልገሏን አላየችም። መደርደሪያው ላይ አፋቸውን ደፍተው የተደረደሩትን ነው የምታየው።

«በጎቹ አጥር ጥሰው አውራ ጎዳናው ላይ ወጡ» አለች፤ ለራሷ የምታስረዳ ትመስላለች። «ሃልቫርድ ደወለ፣ መኪናውን መንገዱ ላይ አቁሚልኝ አለኝ። ካርቶኑን ወደ መኪናው ይዤው እየሄድኩ ነበር። አስቀመጥኩትና ሮጥኩ። አግዳሚው መሆኑን እንኳ... ወስኜ ነበር ኦድኒ። ነርሷ እንዳለችው ልጥላቸው ነበር፤ ፕላስቲክ የሚሰበሰብበት ወስጄ። ሌሎቹን።»

«ሌሎቹን?»

«አንዷን ላስቀር። ከሥር የነበረችውን፣ ክዳኗ የተጠበቀውን።»

ኦድኒ እጇ ላይ ያለው ጡጦ ዘመመ፤ ግልገሏ ተቆጥታ ጮኸች።

«ያልታጠበችዋን?» አለች።

«አዎ። ያልታጠበችዋን።»

«ረስታችኋት መስሎኝ ነው። በዚያ ቀን ግርግር... እንዳታያት ብዬ፣ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ልጄ፣ ሆድሽ ውስጥ ያለውን...»

«አጠብሻት።»

«አጠብኳት።»

ሱኒቫ መቃኑን ያዘች። አልጮኸችም። ብትጮህ ኦድኒ ትችለው ነበር።

«ያን ቀንም አጥበሽ ነበር» አለች። «ከሆስፒታል ስንመለስ። አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ካናቴራዎቹን፣ ኮፍያውን፣ የሚያኝካትን ጨርቅ እንኳ። አጥበሽ፣ ተኩሰሽ፣ አጣጥፈሽ ጠበቅሽን። ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እኔ መኪና ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤት እንደ ገባሁ አንሶላው ውስጥ ፊቴን እቀብራለሁ ብዬ። አንገቱ ሥር የነበረውን ሽታ ታውቂዋለሽ፣ ታቅፊው የለ። ፊቴን ቀበርኩት። ምንም አልነበረም።»

ኦድኒ አሁን ገና ገባት። ለካ ይህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ‹ምን አድርጌ ነው› እያለች ስትብሰለሰል፣ ለካ ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ያመሰገናት ነገር ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም? ልጄ፣ ለምን?»

«ምን ልበልሽ? ደግ ሠርተሽ ነበር። እጅሽ ከውኃ ብዛት ተላልጦ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ደግ የሠራን ሰው ምን ብለው ይወቅሱታል?» ሱኒቫ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ጡጦዋ ብቻ ናት ያመለጠችሽ። አልጋው ሥር ተንከባላ፣ ኋላ አገኘኋት።»

ግልገሏ ጡጦውን ፍለጋ የኦድኒን ጉልበት በግንባሯ ትገፋለች። ኦድኒ አልተሰማትም።

«ከፍተሻታል አይደል?» አለች ሱኒቫ። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፤ ለአራት ዓመት ያልሰማችው፣ የልመና ድምፅ ነው። «ሳታጥቢያት በፊት ክዳኗን ከፍተሻል።»

«ከፍቻለሁ።»

«ምን ምን ትል ነበር?»

ኦድኒ ወደ ታጠበችው ጡጦ ዞር አለች።

«እኔ አንድም ቀን ከፍቻት አላውቅም» አለች ሱኒቫ። «አንዴ ከተከፈተች ሽታው ይወጣና ያልቃል ብዬ። ምጤ ሲመጣ፣ በጣም ስፈራ፣ ያን ቀን እከፍታታለሁ ብዬ ነበር ያቆየኋት። ተያት፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። አንቺ ግን ከፍተሻታል። አፍንጫሽ ያውቃል። ንገሪኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ጎምዛዛ ነበር? የእሱ የእሱ ይል ነበር?»

ኦድኒ በዕድሜዋ ዋሽታ አታውቅም፤ ያን ሰዓት ግን ለመዋሸት ነፍሷን በሸጠች። እንዲህ ያለ ውሸት ጽድቅ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምታስፈልጋት፤ የልጅቷ ፊት ቃሏን እየጠበቀ ተዘርግቶላታል።

«ጣፈጥ ያለ...» ብላ ጀመረች። «የወተት... እሱ ከእንቅልፉ ሲነሣ እንደሚለው...»

ሱኒቫ አየቻት። ሰው የምትዋሽ አማቱን በድምፅዋ ያውቃል፣ ያውም ዋሽታ የማታውቅ አማት።

«ኦድኒ። በሞቴ። እውነቱን።»

ኦድኒ ጉረኖ ውስጥ አርባ ዓመት ሠርታለች። የተበላሸ ወተት ያለበትን ባልዲ፣ ጡጦ፣ ቆርቆሮ ስንት ጊዜ እንደ ከፈተች ቁጥር የለውም። ሲከፈት ፊት ይዞራል፣ ትንፋሽ ይያዛል፤ አስባበት አይደለም፣ ሰውነቷ የለመደው ነው። ያን ጠዋትም እንዲሁ አደረገች።

«ትንፋሼን ይዤ ነው የከፈትኳት» አለች። «አላሸተትኳትም ልጄ። ማንም አላሸተታትም።»

ሱኒቫ መቃኑን ተደግፋ ወረደች፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ልጁ በተቀበረበት ቀን እንኳ እንዲያ ስታለቅስ ኦድኒ አልሰማችም። እሪታዋ ሜዳው ላይ ላሉት በጎች ተሰማ።

ኦድኒ ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ቱታዋ ላይ የግልገሎቹ የእንሽርት ውኃ አለ፣ እጅጌዋ ላይ ደም አለ። ይቺን ልጅ እንዲህ ሆና አትነካትም። ልታቅፋት መጀመሪያ መታጠብ ነበረባት፣ እስከ ክርኗ፣ በሳሙና።

ሳሙናው አጠገቧ ነው፣ ውኃውም ሙቅ ነው። ኦድኒ ግን ሃልቫርድ ከመንገዱ እስኪመለስ ድረስ ሁለት እጇን ከሰውነቷ አርቃ፣ እዚያው እንደ ቆመች ቀረች።